ሁለተኛ ፊርማ

ሬይኖ ሳልሜላ በአንዲት የአሜሪካ ሐይቅ ዳር ከተማ፣ በካውንቲው (በወረዳው) ጽሕፈት ቤት ማንም የማይቀናበት ሥራ ነበረው። ሠራተኛው ሁሉ ጠዋት ገብቶ ኮምፒውተሩን ሲከፍት የትኛውን ድረ ገጽ እንደሚያይ፣ የትኛው ደግሞ «ይህን ገጽ ለማየት ፈቃድ የለዎትም» ብሎ ፊቱ ላይ እንደሚዘጋበት የሚወስነው እሱ ነው። የግብር ሠራተኛዋ የግብሩን ገጽ ታያለች፤ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ የፍርድ ቤቱን። የመንገድ ክፍል አለቃው በረዶ ጠራጊዎቹ የት እንዳሉ ያያል፣ ከዚያ በላይ አንዲት መስመር አያይም። ገጽ የተከለከለ ሰው ሬይኖን ይሰድባል፤ የተፈቀደለት ግን ማንንም አያመሰግንም። የበረኛ ዕጣ በየአገሩ ያው ነው።

ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው፣ ብቻውን ነው የሚኖረው። ሰው ደረቅ ነው ይለዋል፤ እውነትም ደረቅ ነው። ግን ድርቅናው ከሜዳ አልበቀለም። ከሃያ ዓመት በፊት፣ ገጾቹ ለማንም ክፍት በነበሩበት ዘመን፣ አንዲት ወሬኛ ጸሐፊ የእህቱን የአይሪስን መዝገብ ከፍታ አነበበች። አይሪስ አእምሮዋ ታሞ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሆስፒታል ገብታ ነበር። በሳምንቱ ከተማው በሙሉ አወቀው። የገበያ አዳራሹ ገንዘብ ተቀባይ እንኳን የአይሪስን እጅ ላለመንካት መልሱን ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ ጀመረች። አይሪስ ቻለች፣ ቻለች፣ በመጨረሻ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ ለገና ካርድ ከመላክ በቀር ወደ ሐይቁ ዳር ተመልሳ አታውቅም። ሬይኖ ይህንን ሥራ ለምኖ የያዘው ያኔ ነው። ደንቡንም የጻፈው ራሱ ነው።

በደንቡ ውስጥ ከሁሉ የጠበቀው ስለ ታሸገው ገጽ የተጻፈው ነበር። በዚህ ገጽ ላይ ያሉት ከሚደበድቧቸው፣ እገድላችኋለሁ ከሚሏቸው ሰዎች ሸሽተው የተደበቁ ናቸው፤ አብዛኞቹ ሴቶች። ደብዳቤያቸው ሁሉ በካውንቲው ጽሕፈት ቤት አድራሻ ይመጣል፤ ከዚያ አንዲት ሠራተኛ ብቻ ገጹን ከፍታ፣ እውነተኛውን አድራሻ ፖስታው ላይ ጽፋ ትልካለች። እሷም ጆሊን ናት። ሌላ ሰው ገጹን እንዲያይ ከተፈለገ ሁለት ፊርማ ያስፈልጋል፦ የሬይኖና የካውንቲው ዋና ጸሐፊ የቨርን። ሬይኖ የሁሉንም በር ቁልፍ ቢይዝም ያንን ገጽ ራሱ አይቶት አያውቅም። ማሽኑ አልከለከለውም። በአንዲት ንክኪ ስሙን መጨመር ይችላል። የከለከለው ደንቡ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ነው የተሳሳተው።

በዚያ አገር ኅዳር አጋማሽ ላይ የአጋዘን አደን ይከፈታል። ሲከፈት ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ሐኪም ቀጠሮ አይሰጥም፣ ሠርግ የሚደግስ ቢገኝ እንኳ ዘመዶቹ ያኮርፉታል። ሰው ብርቱካናማ ካፖርቱን ለብሶ ጫካ ይገባል፣ የገደለውን አምጥቶ አደባባዩ ላይ በተተከለው ግንድ ይሰቅላል፣ ቀንዱ ስንት ቅርንጫፍ እንዳለው እየተቆጠረ ይወደሳል። የዚያ ዓመት አደን ሰኞ ነበር የሚከፈተው። ዓርብ ከሰዓት ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ የሚሠራ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ካፖርቱን ለብሶ ቆሟል። ጆሊንም ከባሏና ከሁለት ወንድሞቿ ጋር ልትሄድ ነው። እሷ እስክትመለስ ክሪስታ የምትባል የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ለአንድ ሳምንት ተቀጥራለች።

ቨርን በበሩ አንገቱን አስገብቶ፣ «ሬይኖ፣ ለአዲሲቷ ልጅ ገጾቹን ክፈትላት» አለው።

«የትኞቹን?»

«እኔ ምኑን አውቃለሁ! እንደ ጆሊን አድርጋት።»

እንደ ጆሊን አድርጋት። በዚያ ቤት አዲስ ሰው ሲመጣ ሁልጊዜ የሚባለው ይኸው ነበር፦ እንደ እገሌ አድርገው። የትኛው ሥራ የትኛውን ገጽ ይፈልጋል ብሎ አንድ በአንድ መጻፍ አታካች ነው። ስለዚህ የነባሩ ሠራተኛ ፈቃድ እንዳለ ይገለበጥና አዲሱ ላይ ይለጠፋል። ሬይኖ ልማዱን አይወደውም፤ ግን ያደርገዋል። የታሸገው ገጽ ለአንድ የሥራ መደብ የተሰጠ ቢሆን ኖሮ አብሮ አይገለበጥም ነበር። ነገር ግን ከአራት ዓመት በፊት ራሱ ሬይኖ «ለጊዜው» ብሎ በጆሊን ስም ላይ አስሮት ነበር፤ ያ «ለጊዜው» ደግሞ እስካሁን አላለፈም። ከስምዋ ጋር አብሮ ተገለበጠ። ዝርዝሩን ወርዶ አላየውም። ቨርን የመኪናውን ቁልፍ እያቅጨለጨለ በር ላይ ቆሞ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፣ እሱ ግን መታጠቁን እንኳን ልብ አላለውም።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ሬይኖ እንደ ልማዱ የታሸገውን ገጽ ትናንት ማን እንደከፈተው አየ። ባዶ ነው ብሎ ነበር የጠበቀው። ጆሊን ጫካ ናት። አንድ መስመር አለ፦ ሰኞ፣ ከሰዓት፣ ክሪስታ። የከፈተችው የአንዲት ሴት መዝገብ ነው። ስሟ ይታያል፣ የተቀረው ለሬይኖ የተሸፈነ ነው። ማርላ።

ማርላን የማያውቅ አልነበረም። ባሏ ዴል ክንዷን ሁለቴ ሰብሮታል። በሦስተኛው ስትሸሽ ልቡ ተቃጥሎ «አገኛትና እጨርሳታለሁ» እያለ በየመጠጥ ቤቱ ሲምል ስድስት ዓመት ሞላው። ሰው አሪዞና ሄዳለች ይላል። ሬይኖ መጀመሪያ የክሪስታን ፈቃድ ዘጋ። ከዚያ ልጅቷን ቢሮው ጠራት።

ክሪስታ እየሳቀች ገባች። «ሚስተር ሳልሜላ፣ ኮምፒውተሬ አስወጣኝ እኮ፤ ምን አጠፋሁ?»

«በሩን ዝጊውና ተቀመጪ። ትናንት የታሸገውን ገጽ ከፍተሻል።»

«የትኛውን? የደብዳቤዎቹን ነው? ጆሊን ቅርጫቱ ውስጥ ደብዳቤ ትታ ነበር። ‹እስክመለስ ይቆይ› የሚል ወረቀት ለጥፋበታለች፣ እኔ ደግሞ ምን ያቆየዋል፣ ልርዳት ብዬ… ገጹ ተከፈተልኝ፣ አድራሻውን ጽፌ ላክሁት።» ፊቷ በራ። «የማርላ ነበር እኮ! ከእናቷ የመጣ። ማርላ በልጅነቴ የበረዶ ሸርተቴ አስተማሪዬ ነበረች፣ ያውቃሉ? በጣም ነው የምወዳት። እኔ አሪዞና ምናምን ሲሉ አምኜ፣ ለካ እዚሁ ቅርብ—»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«ክሪስታ።»

«ለእማማ ብቻ። እሷም ደስ ይላታል ብዬ። ማታ መጠጥ ቤቱ ወጥ ቤት ነው የምትሠራው፣ ወደዚያ ስትሄድ መንገድ ላይ—» ሳቋ ከፊቷ ላይ ቀስ ብሎ ሄደ። «እማማ አፏ… ግን ለዴል አትነግርም። ዴልን ትጠላዋለች።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እናቲቱ ለዴል መንገር አያስፈልጋትም። በዚያ ወጥ ቤት የተነገረ ነገር ድንቹ ሳይበስል ባንኮኒው ጋ ይደርሳል፤ ዴል ደግሞ ከባንኮኒው አይጠፋም።

ክሪስታ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ወይኔ። ወይኔ ሚስተር ሳልሜላ። እንደውልላት። ስልኳን አላየሁትም፣ አድራሻውን ግን አስታውሰዋለሁ፤ ያለችው—»

«አትንገሪኝ!» አለ ሬይኖ። እጁን እንደሚከላከል ሰው ወደ ፊት ዘርግቶ ነበር። «አንዲት ቃል እንዳትናገሪ። እኔ ለማወቅ ፈቃድ የለኝም። አንቺም አልነበረሽም።»

«ግን ካልነገርኩዎት—»

«የሚደረገውን እኔ በደንቡ አደርጋለሁ። አንቺ አሁን ቤትሽ ትሄጃለሽ። ለማንም፣ ሰማሽ፣ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ። የባሰ ነገር አናምጣ።»

ልጅቷ እያለቀሰች ወጣች። ታዛዥ ልጅ ነበረች። ቤቷ ገብታ፣ ስልኳን አጥፍታ፣ እንደታዘዘችው ዝም አለች።

በእውነት እንናገር ከተባለ ሬይኖ በዚያች ሰዓት ክፉ አላሰበም። ሐሳቡ የአይሪስ ሐሳብ ነበር። አንድ ሰው ያላግባብ አወቀ፣ ከእሱ ሌላው፣ ከሌላው ከተማው፤ እንዲህ ነው የተጀመረው። እኔም ባውቅ ያላግባብ ያወቀ ሦስተኛ ሰው እሆናለሁ አለ። ስሕተት በስሕተት አይታጠብም አለ። ንጹሕ ሐሳብ ነበር፣ ችግሩም እሱው ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ለካውንቲው ፖሊስ አዛዥ፣ ለሸሪፉ ቢሮ ደወለ። ስልክ የምትቀበለው ቦኒ ናት፣ አብረው ነው የተማሩት።

«ቦኒ፣ አንዲት የተደበቀች ሴት አድራሻዋ ሳይወጣ አልቀረም። ማርላ ናት። የዴል ሚስት የነበረችው።»

«ኧረ በስመ አብ። የት ነው ያለችው? ስጠኝና መኪና ልላክ።»

«እኔ አላየውም።»

«ማነው የሚያየው?»

«ጆሊን።»

«ጆሊንስ የት ናት?»

«ጫካ።»

«ዛሬ ጫካ ያልገባ ማን አለና ነው! ሬይኖ፣ አንተ አይደለህም እንዴ የዚያ ሁሉ ገጽ ባለቤት? ክፈተውና ንገረኝ።»

«ቨርን ካልፈረመ አልከፍተውም።»

«ቨርንስ?»

«እሱም ጫካ ነው። እዚያ ስልክ አይሠራም። ሄጄ አመጣዋለሁ።»

«እና እኔ እስከዚያ ምን ላድርግ? የከፈተችው ማን ናት፣ እሷን ልጠይቃት?»

«የሠራተኛ ጉዳይ ነው፣ ስም አልሰጥም።»

«አንተ ሰውዬ ጤና የለህም» አለች ቦኒ። «ዴልን አፈላልገዋለሁ፣ ያለኝ ግን አንድ ሰው ነው። ቶሎ በል ብቻ።»

ቶሎ አለ። ይህን ማንም ሊክደው አይችልም። በረዶ በተጋገረበት መንገድ ከተፈቀደው በላይ ነድቶ፣ አስፋልቱ ሲያልቅ መኪናውን አቁሞ፣ በከተማ ጫማው ጥዶቹ መሐል ገባ። መንገዱን ሙሉ ዴልም እንደ ሰው ሁሉ አደን ላይ ነው፣ ወንድ ልጅ የመክፈቻውን ሳምንት አያባክንም እያለ ራሱን ያጽናናል። ደግሞ ወዲያው ዴል የሚያድነው ምን እንደሆነ ይታወሰዋል፣ ፍጥነቱን ይጨምራል። ከሩቅም ከቅርብም ተኩስ ይሰማል። በዚያ ሳምንት ተኩስ ሲሰማ ቀና የሚል የለም።

ቨርን ዛፍ ላይ በተሠራ ማማ ተቀምጦ ነበር። ሬይኖ ስሙን እየጠራ ሲመጣ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ቁልቁል አፈጠጠበት።

«አብደሃል? ብርቱካናማ ሳትለብስ ነው የመጣኸው? አሁን ልተኩስብህ ነበር እኮ! ሁለት ሰዓት ሙሉ የጠበቅኋትን አጋዘን ደግሞ አስበረገግክብኝ።»

ሬይኖ እያለከለከ ነገረው። ቨርን መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ከማማው ወረደ፤ ፊቱ ቀልቷል።

«ቆይ፣ ቆይ። ገጹን መክፈት ትችላለህ?»

«እችላለሁ።»

«እዚያው፣ ወንበርህ ላይ ተቀምጠህ?»

«ፊርማህ ያስፈልጋል፤ ደንቡ—»

«ደንቡን ገደል ክተተው! ሰው ልትሞት ነው እያልከኝ አንድ ሰዓት ተኩል ነድተህ ፊርማ ትለምነኛለህ? ጠዋት ከፍተህ ከሰዓት ብትነግረኝ ማን ያስርሃል? አምጣ!» ወረቀቱን ቀምቶ፣ ጓንቱን በጥርሱ አውልቆ፣ የዛፉ ግንድ ላይ አስደግፎ ፈረመ። «ሂድ አሁን። ሩጥ!»

ሬይኖ ሮጠ። ስልኩ መሥራት የሚጀምርበት ኮረብታ ላይ ሲደርስ ለቦኒ ደወለና «ፊርማውን አግኝቻለሁ፣ ቢሮ እንደገባሁ አድራሻውን እነግርሻለሁ» አላት።

«ሬይኖ» አለች። ድምፅዋ የሥራ ድምፅ ነበር። «አድራሻውን አግኝተነዋል። ጎረቤት ደውላ ነው።»

ያለችው ከዚያው ጽሕፈት ቤት የአርባ ደቂቃ መንገድ ብትሆን ነው፣ ከአንድ ትምህርት ቤት ጀርባ። ዴል በአራት ሰዓት ተኩል ደርሶ ነበር። ጎረቤቶች ተኩሱን ሰምተው፣ የሆነ ሰው ጓሮ ድረስ ገብቶ አጋዘን እያደነ ነው ብለው ተናደው ነው የደወሉት፤ ደዋይዋ ያማረረችው ልጆች ባሉበት ሰፈር ይተኩሳሉ ብላ ነበር። ዴል አልሸሸም። ደጃፏ ላይ ተቀምጦ ጠበቃቸው። ሬይኖ ያን ጊዜ ገና ዛፎቹ መሐል የቨርንን ስም እየጠራ ነበር።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ ከዋናው ከተማ አጣሪዎች መጡ። ሦስት ነበሩ፣ ሁለት ሳምንት ተቀመጡ። ያዘጋጁት ዘገባ ወፍራም ነበር። የአንዱን ሠራተኛ ፈቃድ ለሌላው መገልበጥ አደገኛ ልማድ ስለሆነ ይቁም ይላል። የጊዜያዊ ሠራተኞች ሥልጠና ይሻሻል ይላል። ስለ ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ አንድ አንቀጽ አለው፦ ኃላፊው ያልተፈቀደውን መግቢያ በደቂቃዎች ውስጥ መዝጋቱን፣ ለጸጥታ አካል ማሳወቁን፣ የሁለት ፊርማ ደንቡንም በአስቸጋሪ ሁኔታ ሳይጥስ መጠበቁን አመስግኗል። ቨርን ዘገባውን አንብቦ ጠረጴዛው ላይ ወረወረውና ከሬይኖ ጋር ምሳ መብላት ተወ። ክሪስታ ከተማውን ለቃ ሄደች። ከመሄዷ በፊት ግን ለአጣሪዎቹ የተናገረችውን ለእናቷ ነገረቻት፣ እናቷም እንደ ልማዷ ዝም አላለችም።

ሬይኖ ምስጋናውን ብዙ ጊዜ አነበበው። ስሕተት ይፈልግበት ነበር። አንድም ስሕተት የለበትም፤ እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። እንቅልፍ የነሳው ይኸው ነው።

በየካቲት ወር አንድ ቀን ከምሳ በፊት፣ የማርላ እናት ዊልማ መጣች። ሰባ ዓመት ያለፋት፣ ከሬይኖ ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን የምታመልክ ሴት ናት። በማርላ ስም ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ የቀሩ ደብዳቤዎች ነበሩ፤ ከሞት በኋላ ለቅርብ ዘመድ ይሰጣሉ። ሬይኖ ወረቀቱን አስፈረማት፣ ፖስታዎቹን አቀበላት። ሁለቱ ዊልማ ራሷ ለልጇ የጻፈቻቸው ነበሩ።

አልሄደችም። ካፖርቷን ሳታወልቅ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«ስድስት ዓመት» አለች ዊልማ። «ስድስት ዓመት ልጄ የት እንዳለች አላውቅም ነበር። አርባ ደቂቃ ላይ ነበረች። እሁድ እሁድ ሄጄ ላያት እችል ነበር፣ ሬይኖ። አልጠየቅሁም። አትጠይቂ፣ ለደኅንነቷ ነው አላችሁኝ፣ እኔም እሺ አልኩ።»

«አውቃለሁ።»

«ያን ገጽ ለመክፈት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

ሬይኖ መዋሸት አላሰበም። ዕድሜውን ሙሉ ዋሽቶ አያውቅም። «አንድ ደቂቃ አይሞላም።»

ዊልማ ራሷን ነቀነቀች። ፖስታዎቹን ጭኗ ላይ አስተካከለች፣ ጫፍ ለጫፍ።

«ልጅቷ ልትነግርህ ነበር አሉኝ። ያችኛዋ፣ ክሪስታ። እዚህ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ።»

«አዎ።»

«አፏን ከፍታ ነበር አሉ።»

«አዎ፣ ዊልማ።»

«አንተስ ምን አልካት?»

በረዶ ጠራጊው መኪና በመስኮቱ ሥር እየጮኸ አለፈ። ሬይኖ እስኪያልፍ ጠበቀ። ጊዜ ለማግኘት ነበር፣ ግን ያገኘው ጊዜ ምንም አልጠቀመውም።

«‹አትንገሪኝ› አልኳት።»

ዊልማ አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። ከዚያ ጠረጴዛውን ተደግፋ ተነሣች።

«ለእኔም እንዲሁ አላት ብለው ነው የነገሩኝ» አለች። «ውሸት መስሎኝ፣ ከአንተ አፍ ልስማው ብዬ ነው የመጣሁት።»